ከ16 ግሩፕ በላይ የማያየው ፋይል ሰርቨራችን፦ ጅማ ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፋይል ሰርቨር ማለት የቢሮውን ፋይሎች አንድ ቦታ ይዞ ለሁሉም ኮምፒውተር የሚያካፍል ሳጥን ነው። የእኛው ዲስኮቹ ደህና ናቸው። ድምፁ አይረብሽም። መብራት ሲጠፋም ከዩፒኤሱ (ከመጠባበቂያ ባትሪው) ጋር ተናቦ በሥርዓት ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉ ቅሬታ የለኝም። ይህን የምጽፈው ስለ ግሩፕ፣ ማለትም አንድን ፎልደር እንዲከፍቱ በጋራ ስለሚፈቀድላቸው ተጠቃሚዎች ስብስብ ነው፣ ምክንያቱም ያናደደኝ እሱ ነው።

ሥራችን የቡና ማሳ ካርታ ነው። ጅማ ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች እየዞርን የገበሬውን ማሳ በጂፒኤስ እንለካለን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚላክ ቡና የት ቦታ እንደበቀለ መታወቅ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሄክታር ከበለጠ አንድ ነጥብ አይበቃም፣ ወሰኑ ዙሪያውን ይፈለጋል። የገበሬው ስም፣ ስልክና የማሳ ወሰን አንድ ፋይል ውስጥ ስለሚቀመጥ የጎማ ወረዳን መረጃ ሊሙ ኮሳ ወረዳ ላይ የሚሠራ ሰው እንዲያየው አንፈልግም። ስለዚህ ለየወረዳው አንድ ፎልደር፣ ለየፎልደሩ አንድ ግሩፕ አደረግን። በዚያ ላይ የሂሳብ፣ የውል፣ የሳተላይት ምስልና የመጠባበቂያ ግሩፖች አሉ።

ችግሩ የታየው ጌራና ሸቤ ሶምቦ የሚባሉት ወረዳዎች ሲጨመሩ ነው። የሁሉንም ወረዳ ካርታ የምታርመው ባልደረባችን የጌራን ፎልደር ስትከፍት «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለሽም) ይላታል። ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያው) ላይ ግሩፖቿን የሚዘረዝረውን «አይዲ» የሚል ትእዛዝ ሰጥታ ስታይ የጌራ ግሩፕ ከስሟ ጋር ተዘርዝሯል። አንድ ወረዳ ብቻ የያዘው አዲሱ ልጅ ያንኑ ፎልደር ያለ ችግር ይከፍታል። እሷም ብትሆን በዊንዶውስ ኮምፒውተር በራሷ ስም ስትገባ ይከፈትላታል፤ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ግን እምቢ። የተከለከለችው ብዙ ኃላፊነት የተጣለባት ሰው መሆኗ ነው የሚያንገበግበኝ።

ሊኑክሶቻችን ከሰርቨሩ ጋር የሚገናኙት በኤንኤፍኤስ ነው፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፋይል ለመካፈል የሚነጋገሩበት ደንብ። ኦውዝ ሲስ በሚባለው የተለመደ አሠራሩ፣ ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የተጠቃሚውን መለያ ቁጥርና የግሩፖቹን ዝርዝር ይልካል። ለዝርዝሩ የተሰጠው ቦታ ግን የ16 ተጨማሪ ግሩፖች ብቻ ነው። 17ኛው አይላክም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ሊኑክስ ራሱ ለአንድ ሰው እስከ 65,536 ግሩፕ ስለሚፈቅድ «አይዲ» ሁሉንም ያሳያል፣ ሰርቨሩ ዘንድ የሚደርሰው ግን የተቆረጠው ነው። እኛ ዘንድ የሚቆረጡት ቁጥራቸው ትልቅ የሆኑት፣ ማለትም በቅርብ የተከፈቱት ናቸው። ዊንዶውሱ የሚጠቀመው ኤስኤምቢ የሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ላይ ግን ሰርቨሩ ሰውየው ማን እንደሆነ ካረጋገጠ በኋላ ግሩፖቹን ከራሱ መዝገብ ስለሚያወጣ እንዲህ ያለ ገደብ የለም።

የሸጠልን ሱቅ ስንደውል «ሞዴሉ ትንሽ ነው፣ ትልቁን ውሰዱ» አሉን። ወንድሜ፣ ትልቁም የሚሠራው በዚያው ፕሮቶኮል ነው! ራም ብትጨምርበት 16ቱ 17 አይሆንም። ቀጥለው «ፎልደሩን ለሁሉም ክፈቱት፣ ሰባት ሰባት ሰባት አድርጉት» አሉን። የገበሬውን ማሳ ለማንም የምከፍተው ከሆነ ታዲያ ፋይል ሰርቨር ለምን ገዛሁ? ፍላሽ ላይ እየገለበጥኩ እያዞርኩ አልሠራም ነበር? ሦስተኛው ምክር «ኤሲኤል (የፎልደሩ የፈቃድ ዝርዝር) ላይ ልጅቷን በስሟ ጨምሯት» የሚል ነው። ይሠራል፤ የሚታየው የእሷ መለያ ቁጥር እንጂ ግሩፕ አይደለምና። ነገር ግን ሠራተኛ በተቀየረ ቁጥር በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች ላይ ስም ስንሰርዝና ስንጽፍ ልንኖር ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የትኛው ፎልደር ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ግሩፕ የተፈጠረው ከዚህ ሊያድነን አይደል?

መፍትሔው ሰርቨሩ ከኮምፒውተሩ የሚመጣለትን ዝርዝር ትቶ ግሩፖቹን ራሱ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ለዚሁ «ማኔጅ-ጂአይዲስ» የሚባል ማዘዣ አለው፤ የሚሰጠውም ማውንትዲ ለሚባለው አገልግሎት ነው። በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ትእዛዝ መስጫ) ገብተን ማዋቀሪያው ላይ አንድ መስመር ጻፍን፣ አገልግሎቱን ሪስታርት አደረግነው፣ ጌራ ተከፈተ። ትልቁን ሞዴል ግዙ ያሉን ለዚህች አንድ መስመር ነው።

ይህን የምትሞክሩ ሰዎች ግን ልብ በሉ። ተጠቃሚዎቹ ሰርቨሩ ላይም በዚያው መለያ ቁጥር መመዝገብ አለባቸው፤ ሰርቨሩ የማያውቀው ሰው ተጨማሪ ግሩፖቹን በሙሉ ያጣል። ሰርቨሩ ያገኘውን ዝርዝር ለ30 ደቂቃ ያህል ስለሚይዘው አዲስ ሰው ግሩፕ ውስጥ ከትታችሁ ወዲያው ባይሠራለት አትደንግጡ። ደግሞም ይህ የግሩፑን ቁጥር እንጂ የማንነትን ጉዳይ አይፈታም፤ ኮምፒውተሩ «እኔ እገሌ ነኝ» ያለውን ሰርቨሩ አሁንም ያምናል። ለእሱ መድኃኒቱ ኬርበሮስ የሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት ነው። እኛ እስከዚያው ፎልደሮቹ ከቢሯችን ኮምፒውተሮች አድራሻ ውጪ እንዳይከፈቱ ገድበናል።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አመስግኜ እጨርስ ነበር። ግን የሳጥኑ የራሱ ማስተዳደሪያ ገጽ ላይ ይህ ማዘዣ የለም፤ አፕዴት በመጣ ቁጥር ደግሞ የጻፍናትን መስመር ይደመስሳታል። አፕዴቱን እንዳንተወው የደኅንነት ማስተካከያ አለበት። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አፕዴት በኋላ በእጃችን እየመለስናት ነው፤ በተዘነጋ ቀን ሥራው ይቆማል። ለዚህ ሁሉ ብር የከፈልኩበት ዕቃ በዚህ ሊያስቸግረኝ አይገባም ነበር። መግዛታችን ይቆጨኛል። የሚቀጥለው ተራ ኮምፒውተር ላይ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ተጭኖበት ይሆናል፣ ማዋቀሪያው በእጃችን እንዲሆን።

ልትገዙ ካሰባችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ የሙከራ ተጠቃሚ 20 ግሩፕ ውስጥ አስገቡ። ቁጥሩ ትልቅ ለሆነው ግሩፕ ብቻ የተፈቀደ ፎልደር ሥሩና ከሊኑክስ ላፕቶፕ በኤንኤፍኤስ ክፈቱት። ካልተከፈተ ማኔጅ-ጂአይዲስ የት እንደሚበራ አሳዩን በሉ፤ ካላሳዩአችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።