ጨረቃ ኮከብ ስትጋርድ ለማየት፦ 10 በ50 ባይኖኩላር

ጨረቃ ኮከብ ስትጋርድ ለማየት ቴሌስኮፕ ልግዛ ወይ የሚለኝ ሰው በዝቷል። መልሴ አጭር ነው፤ አትግዙ። ደህና 10 በ50 ባይኖኩላር ይበቃል። የኔው ፒያሳ ከአንድ ካሜራ ቤት የተገዛ፣ ስሙ ብዙም የማይታወቅ ዕቃ ነው። እስካሁን አላሳፈረኝም። 10 ጊዜ ያቀርባል፤ 50 የሚለው ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረቃ በከዋክብቱ መሀል ወደ ምሥራቅ ትጓዛለች፤ በአንድ ሰዓት የራሷን ስፋት ያህል። መንገዷ ላይ ያገኘችውን ኮከብ ትጋርደዋለች። ጨረቃ አየር ስለሌላት ኮከቡ ቀስ እያለ አይደበዝዝም። ድርግም ይላል፣ አለቀ። የሰፈራችን መብራት እንኳ እንዲህ ፈጥኖ አይጠፋም። አንዳንዱ ኮከብ ግን ሁለት ጊዜ ቀነስ ብሎ ነው የሚጠፋው። እንዲህ ሲሆን አንድ የመሰላችሁ ኮከብ ሁለት ሊሆን ይችላል።

የውጭ መጻሕፍት ኮከቡን በጨረቃዋ ግራ በኩል ጠብቁ ይላሉ። እሱ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በጨረቃ ወር መጀመሪያ ማታ በምዕራብ የምትታየው ቀጭን ጨረቃ እኛ ጋ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ትንጋለላለች። የበራው ጎኗ ከታች፣ ያልበራው ከላይ ነው። ስለዚህ ኮከቡን ከላይዋ ፈልጉት።

ባይኖኩላሩ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ከምድር ተንጸባርቆ የሚደርሳት ብርሃን ያልበራውን ጎኗን በስሱ ግራጫ ያደርገዋል። በባዶ ዓይን ጭላንጭሉ ብቻ ነው የሚታየው። በዚህ ዕቃ ግን ክቧ ሙሉውን ትታያለች፣ ጠርዟም ይለያል። ኮከቧ ደቃቅ ነጥብ ሆና ከግራጫው ጠርዝ በላይ ትቆማለች። መሀላቸው ያለው ጨለማ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄድና የጸጉር ያህል ይቀራል። ያኔ ዓይናችሁን እንዳታርገበግቡ።

ድክመቱን ልንገራችሁ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስትይዙት፣ በማያው ላይ የሚታዩት ሁለት የብርሃን ክቦች ጥርት ያሉ ክብ አይደሉም። ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ቢጤ ሆነዋል። ውስጡ ያለው ፕሪዝም፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ርካሹ ዓይነት ነው ማለት ነው። ከመሀል ወጣ ያሉ ከዋክብት ጭራ ያወጣሉ። ኮከቡን መሀል ላይ ካደረጋችሁት ግን ይሄ ከቁጥር አይገባም። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም ስትቃረብ ደግሞ ብርሃኗ ዓይን ያጭበረብራል፤ ደካማ ኮከብ አይታሰብም።

ትልቁ ጣጣ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ፊት ለፊት መሀሉ ላይ ያለችውን ክዳን ፈትታችሁ በማያያዣ የካሜራ ትራይፖድ ላይ ታስሩታላችሁ። ማያያዣው ከካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ነው የሚሸጠው። እስኪገኝ ድረስ ክርንን የበረንዳ ግንብ ላይ ማስደገፍም ያስኬዳል።

ሱቅ ውስጥ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። በር ላይ ወጥታችሁ ራቅ ያለ አንቴና እዩበት። ሁለት ሆኖ ከታያችሁ መልሱለት። ሌንሱ ቀይ የሚያብረቀርቀውንም ተዉት፤ ለማማለል ነው፣ ብርሃን ይቀንሳል።

የትኛው ኮከብ መቼ እንደሚጋረድ ለማወቅ ስቴላሪየም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አለ። ቦታውን አዲስ አበባ አድርጋችሁ ሰዓቱን ወደፊት ታሄዱታላችሁ። ለጥንቃቄ ጥቂት ደቂቃ ቀድማችሁ ተቀመጡ። በዓለም አቀፍ ሰዓት የወጣ ሰንጠረዥ ካገኛችሁ 3 ሰዓት ቀንሱ፣ በቀጥታ የሀበሻ ሰዓት ይሰጣችኋል። 18 ሰዓት ካለ 15 ይቀራል፤ ከ12 ስላለፈ 12 ሲቀነስለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከደማቆቹ አንታሬስ የሚባለው ቀይ ኮከብ እስከ እ.ኤ.አ. 2028፣ ፕሌያዲስ የሚባለው የከዋክብት ክምችት ከዋክብት ደግሞ እስከ 2029 በየወሩ ይጋረዳሉ። በየወሩ ሲባል ግን ከምድር አንዱ ጥግ ሆኖ ለሚያይ ነው፤ ከእኛ ሰማይ ይታይ እንደሆነ በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር ትንሽ ድንጋያማ አካል፣ ኮከብ ሲጋርድ ለማየት ብላችሁ ከሆነ ግን ይሄን ዕቃ አትግዙ። እሱ ሌላ ሥራ ነው። ጥላው ምድር ላይ የሚያልፈው የአስትሮይዱን ስፋት ያህል ጠባብ መስመር ይዞ ነው። ኮከቡም ብዙ ጊዜ ለዚህ ባይኖኩላር ደካማ ነው፤ የሚጠፋውም ለሰከንዶች። ሊዮና የምትባለው አስትሮይድ ታኅሣሥ 2016 በኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2023፣ ደማቁን ኮከብ ቤቴልጁስን የጋረደችበት ዓይነት ብርቅ ነው። እሱም ቢሆን ስፔንና ጣሊያን ለነበሩ እንጂ ለእኛ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 የናሳ ቡድን ቴሌስኮፕ ጭኖ ሴኔጋል ድረስ የሄደው ጥላው እንዲህ ጠባብ ስለሆነ ነበር። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር ልታልፍበት የነበረው አሮኮት የሚባል ከፕሉቶ ማዶ ያለ ትንሽ አካል ኮከብ ሲጋርድ ጥላውን ለመያዝ።

ሻጩ 20 በ50 አለ፣ ይሻላል ይላችኋል። እጅ ላይ ጭራሽ አይረጋም፤ ምስሉም ይጨልማል። በ10ሩ ድርቅ በሉ። ልዩነቱ ተርፎ ከኪሳችሁ ከቀረ ማያያዣዋን ግዙበት።