የኦይስተር ስታውትና የሰንዳፋ ጠላ በአንድ ገበታ

የእህቴ ልጅ ከደብሊን ያመጣልኝን የኦይስተር ስታውት የተባለ ጥቁር ቢራ፣ ሰንዳፋ ዳር የሚኖሩት አክስቴ ከጠመቁት ጠላ ጎን አስቀምጬ አከታትዬ ቀመስኩ። የሁለቱም ጥቁረት ከተቆላ እህል የሚመጣ ሲሆን፣ ስታውቱ ከተቆላ ገብስ፣ ጠላው ደግሞ ከአሻሮ ዱቄት ከሚታመሰው እንኩሮ ያገኘዋል፤ ምሬቱን አንዱ ሆፕስ ከተባለ የተክል አበባ፣ ሌላው ከጌሾ ይወስዳል።

ኦይስተር፣ ማለትም ባለ ዛጎሉ የባሕር እንስሳ፣ ቢራው በሚጠመቅበት ጊዜ ይጨመራል። እኔም የዓሣ ሽታ ጠብቄ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ቡና ቡና ከማለት በቀር ምንም አልተለየኝም። ብርጭቆው ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ግን ምላሴ ጠርዝ ላይ ስስ ጨዋማነት ቀረ፣ አረፋውም እስከ መጨረሻው ጉንጭ አልጠፋም።

ጠላው አረፋው ቶሎ ይከስማል፤ ነገር ግን እንስራው በወይራ ስለታጠነ፣ ጭሱ ገና ጣሳው አፍ ሳይደርስ ይሸታል፣ ኮምጣጣነቱም ምራቅ ያስውጣል። ስታውቱ ወራት ሲቆይ ጠላው በቀናት ውስጥ ይሆመጥጣል። አክስቴ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር እንስሳ መከልከሉን ጠቅሰው ስታውቱን አልቀመሱም።

ከሽሮና ከቃሪያ ጋር ጠላውን ያለማመንታት እመርጣለሁ፤ ስታውቱ ግን ያለ ምግብ፣ ቀስ ተብሎ ሲጠጣ ይበልጠዋል።