ለአሮጌው ሕንፃችን የቀጠርናቸው ኃይል ቆጣቢዎች፦ ብሩን ሳይሆን ኪሎዋት ሰዓቱን እዩ

ለገሃር አካባቢ ያለ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አስተዳድራለሁ። በ1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ባለ ብረት ፍሬም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ደግሞ ማን ከየት እንደጎተተው የማይታወቅ። የመብራት ሒሳቡ ሲያስመርረን የሕንፃ ፍጆታ ለክቶ የሚያድስ ድርጅት አስገባን። ስማቸውን አልጠራም፤ የማመሰግናቸውም የምወቅሳቸውም ነገር አለ።

ከሁሉ የወደድኩት ሳይለኩ አለመጀመራቸውን ነው። ዋናው የማከፋፈያ ሳጥን ላይ መመዝገቢያ ገጥመው ለሳምንት ተዉት። ውጤቱን ሲያሳዩኝ ሕንፃው ሌሊትም አይተኛም፦ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ፀጉር ቤት ቦይለሮቹን ሳያጠፋ ነው የሚሄደው። ምድር ቤት ያለው ምግብ ቤት ደግሞ ጠዋት ምጣዶቹን በአንዴ ይሰካል። አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ሦስት ኪሎዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ሁላችንም በአንድ ቆጣሪ ስንጠቀም፣ ሒሳቡም በካሬ ሜትር ሲከፋፈል፣ ወረቀት ብቻ የሚያገላብጠው የሒሳብ ባለሙያ የእንጀራውን መብራት ይከፍል ነበር ማለት ነው። ለየብቻ ቆጣሪ ይግባ ሲሉ ደገፍኩ። የምግብ ቤቷ ባለቤት “እህቴ፣ እኔን ለማስወጣት ነው?” ብላ አኩርፋ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሒሳብ ካየች ወዲህ ግን ምጣዱን በፈረቃ ነው የምትሰካው።

መብራቱ ላይ ግማሽ ምስጋና። የኮሪደሩ ፍሎረሰንት ባለ 36 ዋት ነው፤ ቾኩ፣ ማለትም ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ጥቅል፣ ሲጨመርበት 45 ገደማ ይደርሳል። በ18 ዋት ኤልኢዲ ተተካ። ትክክለኛው አሠራር አምፖሉን የሚያስነሳውን ስታርተር ነቅሎ፣ ቾኩን ከመስመር አውጥቶ ሽቦውን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረው ልጅ ግን ቾኩን እንዳለ ትቶ አምፖሉን ብቻ ሰክቶ ሄደ። ስጠይቀው “እትዬ፣ ከበራ ምን አስጨነቀሽ?” አለኝ። የሚያስጨንቀኝማ ቾኩ ትንሽም ቢሆን መብላቱ፣ ሲቃጠልም አዲሱን መብራት ይዞት መጥፋቱ ነው። ፎርማኑ ሲሰማ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ አስተካከለ፤ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቀም።

ካፓሲተር ባንኩ ላይ ግን ተናደድኩ። ፓወር ፋክተር ከመስመሩ ከምንስበው ኃይል ምን ያህሉ ሥራ ላይ እንደሚውል የሚያሳይ ልኬት ነው፤ ባንኩ ደግሞ እሱን የሚያሻሽል መሣሪያ። የፓወር ፋክተር መቀጮ እንዳይመጣ መግጠሙ ተገቢ ነው፤ እነሱ ግን ዋጋ ያቀረቡት ቾኮቹ ሳይወጡ በተለካው ልክ ነው። ቾክ ራሱ ፓወር ፋክተር ከሚያበላሹት አንዱ አይደለም እንዴ? መብራቱ ካለቀ በኋላ እንደገና ይለካ አልኩ። አነስ ያለው በቃን።

የሕንፃው ባለቤት ልጅ ደግሞ የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ጥቅምት 2017 ሲከፈት አይቶ የኛም መስታወት ይቀየር ይል ነበር። ዕድሜያቸው ቢቀራረብም ያ በሚሊዮን ዶላሮች የሚቆጠር ሥራ ነው። ድርጅቱ ይህን ሰምቶ መስታወት ላይ የሚለጠፍ የፀሐይ መከላከያ ፊልም ሊሸጥልን ሞከረ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብዙም አትሞቅም፤ ሕንፃችን ኤርኮንዲሽነር የለውም፤ ታዲያ ፊልሙ ምኑን ሊቆጥብ? ቢሮውን አጨልሞ በቀን መብራት ሊያስበራን! ቦሌ ላለ ባለ መስታወት ፎቅ ይሁን። እኛ የደረቀውን ስቱኮ አስቀይረን፣ የዛገውን ማጠፊያ ዘይት አስቀብተን መስኮቶቹ እንዲከፈቱ አደረግን።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ይጨምራል። ስለዚህ የምንከፍለው ብር አልቀነሰም፤ ባለቤቱም ደረሰኙን ይዘው “ታዲያ ምን ሠሩልን?” ብለው መጡ። ያለፈውን ዓመት የዚያኑ ወር ደረሰኝ ጎኑ አስቀምጬ ኪሎዋት ሰዓቱን፣ ማለትም የተጠቀምነውን የኃይል መጠን፣ አሳየኋቸው፦ ሩብ ያህል ወርዷል። ለኮሪደር ልማቱ የገጠምነው የፊት ለፊት መብራት ሌሊቱን ሙሉ እየበራ ማለት ነው። ድርጅቱ ይህን ማወዳደሪያ በራሱ ሠርቶ ማስረከብ ነበረበት፤ የመጨረሻው ሪፖርት ግን ፎቶ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው የሊፍቱ ሞተርና የውሃው ፓምፕ ነው። ባለቤቱ ገና አልቆረጡም። እኔ ለእነሱው ይሰጥ ብያለሁ፤ ፎርማኑ ያው ከሆነና ልኬቱ በውሉ ከተጻፈ።