እናቴን ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ የወሰድኩበት የአምባሳደር አካባቢ ክሊኒክ

አምባሳደር አካባቢ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የነርቭ ሕክምና ክሊኒክ የ76 ዓመት እናቴን ሁለት ጊዜ አስመርምሬአለሁ። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ያለው ሰው ሊያስፈልገው ስለሚችል ያየሁትን እጽፋለሁ።

ወደዚያ የወሰደን ቀደም ሲል በሌላ የጤና ተቋም የተሰጠን ውጤት ነው። እዚያ እናቴ የተፈተነችው በ2005 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ይፋ በሆነው "ሞካ" በሚባለው መመዘኛ ሲሆን፣ ከ30 ነጥብ 15 አገኘች፤ ከ26 በታች ያገኘ ሰው ያሠጋል ተብሎ የመርሳት በሽታ እንደጀመራት ተነገረን። የዚያን ዕለት ማታ እራት የቀመሰ የቤተሰብ አባል አልነበረም።

ፈተናውን አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሰዓት ሥላ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንድታመለክት ስትጠየቅ አጭሩን ዘንግ 5 ቁጥር ላይ አደረገችው። ቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ ሲሆን አጭሩ ዘንግ የሚያርፈው እዚያው ነው፤ ወረቀቱ ግን 11 ላይ ስለሚጠብቀው ተሳሳተች ተባለ። በ"ፈ" የሚጀምሩ ቃላት ስትባል ፊት፣ ፍየልና ፎጣ ብላ ጠራች፤ ፊደላቸው ሌላ ነው ተብለው አልተቆጠሩላትም። እናቴ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ልጆቿን አስተኝታ ነው። መመዘኛው ለትምህርት ማነስ የሚጨምረው አንድ ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰም ትምህርት ቤት ላልገባም እኩል ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአምባሳደሩ ክሊኒክ ያገኘናቸው ሐኪም ወረቀት ከማንሳታቸው በፊት "እማማ፣ የት ተማሩ? ጆሮዎ በደንብ ይሰማል? የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብለው ጠየቁ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠርተው ገንዘብ መቁጠር፣ ወጥ መሥራትና መንገድ መለየት ላይ ምን እንደተለወጠ አንድ በአንድ ጻፉ። የተጠቀሙት መመዘኛ "ሩዳስ" ይባላል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ የወጣ ሲሆን፣ ቋንቋቸውና የትምህርት ደረጃቸው ለተለያየ ሰዎች ታስቦ ስለተዘጋጀ ማንበብና መጻፍን መሠረት አያደርግም። ሻይ፣ ዘይት፣ እንቁላልና ሳሙና ከሱቅ እንደሚገዙ አስታውሺ ይላል፤ መብራትም ዜብራም የሌለበት፣ መኪና የበዛበት መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ይጠይቃል። እናቴ በመርካቶ መንገዶች አርባ ዓመት የተሻገረች ሴት ናትና ይህን ለመመለስ አልዘገየችም። ከ30 ነጥብ 24 አገኘች፤ ይበልጥ እንዲመረመሩ የሚያደርገው 22 እና ከዚያ በታች ነው።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ "ለጥቁር ሰው ሌላ መለኪያ አለ፣ በእሱ ይታይላት" ብሎ ስለነበር ይህንንም ጠየቅኋቸው። መልሳቸውን ሳልረሳ ጽፌዋለሁ፦ እዚያ በጥቁርና በነጭ አረጋውያን መካከል የሚታየው የውጤት ልዩነት የተማሩበት ትምህርት ጥራት ሲታሰብ በእጅጉ ይጠባል፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ሸክምም ድርሻ አለው፤ ዘር በራሱ የአንጎልን ጤና አይነግረንም። ተጫዋቾች በኃይል በሚጋጩበት በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ለቀድሞ ተጫዋቾች የአንጎል ጉዳት ካሣ ሲሰላ ጥቁሮች ቀድሞውኑ ዝቅ ካለ ችሎታ እንደሚነሡ የሚቆጥር ስሌት ሥራ ላይ ይውል ስለነበር ጉዳታቸውን ማሳየት ከብዷቸው እንደነበር፣ ሊጉም በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን ለማቆም ቃል እንደገባ ነገሩኝ። ነጥብን በቆዳ ቀለም ማስተካከል ሕመምተኛን ሊሸፍን እንደሚችል የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የቀረው ሥራ በአካሏ ላይ ነበር። ግፊቷ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የስኳር፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ታዘዘላት፤ በግራ ዓይኗ ላይ ሞራ ስለታየ ወደ ዓይን ሐኪም ተላከች። እንቅልፍ ስለሚያመጣላት ማታ ማታ የምትውጠው የአለርጂ ኪኒን በአረጋውያን ላይ ማስታወስን ሊያደበዝዝ እንደሚችል ተነግሯት እንድትተው ተደረገ። በስድስተኛው ሳምንት ስንመለስ ጠዋት ጠዋት ትደናገር የነበረው ቀንሶላት ነበር።

ጉድለቱን ልሸሽግ አልፈልግም። ቀጠሮ ይዘን ሁለት ሰዓት ጠብቀናል፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ስለማይሠራ ጉልበቷ የሚያማት እናቴ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ወጥታለች። ከሁሉ የከፋው መፈተኛ ክፍሉ ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈት መስኮት ያለው መሆኑ ነው፤ ጆሮው ለደከመ ሰው በመኪና ጥሩምባ መካከል የሚነገር ጥያቄ ግማሹ ይጠፋበታል። ሐኪሟ መስኮቱን ዘግተው ጥያቄውን ደገሙላት እንጂ ክፍሉ ወደ ጓሮ ቢዛወር ይሻል ነበር። የውጤቱ ወረቀትም በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተሰጠን።

የምትሄዱ ሰዎች የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ በከረጢት ያዙ፣ መነጽርና የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ካለ አትርሱ፣ ከታማሚው ጋር አብሮ የሚኖር ሰውም ይምጣ። የእናቴ ቀጣይ ቀጠሮ ከዓይን ቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲሆን፣ በዚያው መመዘኛ እንደገና ትታያለች።