«ለማንኛውም ደጋን ይሆናል» የሚባለውን የአውታር መሥሪያ ኪት እንዳትገዙ

እዚህ አሜሪካ ቀስት ውርወራ የጀመራችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን ኦንላይን በ69 ዶላር የሚቸበቸበውን የአውታር መሥሪያ ኪት ከማዘዛችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ጂግ (ክሩ የሚወጠርበት ባለ ችካል መሣሪያ)፣ «ዳክሮን ቢ-50» የሚል አንድ ጥቅል የሚለጠጥ ክር፣ «ፋስት ፍላይት» የሚል ሌላ ጥቅል እምብዛም የማይለጠጥ ክር፣ መጠምጠሚያና ሰም አብሮ ይመጣል። ሻጩ የሱቁን ስም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይር ስም ብጠራላችሁም አይጠቅማችሁም። ዕቃውን ግን ስታዩት ታውቁታላችሁ።

ከጂጉ ልጀምር። አውታር የሚሠራው ክሩን በሁለት ችካሎች ዙሪያ እኩል እየወጠሩ በማድራት ነው። በ40 ፓውንድ ኃይል ለሚሳብ ደጋን ከቢ-50 ክር 12 ፈትል ይበቃል፤ ነገር ግን 12ቱም እኩል መወጠር አለባቸው። አለበለዚያ ጠበቅ ያሉት ብቻቸውን ይሸከማሉ፣ የላሉት ተመልካች ይሆናሉ። የዚህ ኪት ችካሎች ስስ አልሙኒየም ላይ የተሰኩ ቀጫጭን ብሎኖች ናቸው። ጥቂት ዙር እንዳደራሁ ጫፋቸው ወደ ውስጥ መዝመም ጀመረ። ስጨርስ መጀመሪያ ያዞርኳቸው ፈትሎች በጣት ሲነኩ ዝርግፍ ይላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ እንደ ክራር ይጮኻሉ። በጎኑ የተለጠፈው የኢንች ወረቀትም ውሸታም ነው፤ በሜትር ስለካው 64 የሚለው 63 ተኩል ላይ ነው። ግማሽ ኢንች ምን አላት እንዳትሉ! ባለ 68 ኢንች ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ደጋን) የሚፈልገው አውታር 64 ኢንች ገደማ ነው። የረዘመውን አውታር ጠምዝዞ ማሳጠር ይቻላል፣ ያጠረውን ግን ምን ታደርጉታላችሁ?

ይሄ ሁሉ ከክሩ አንጻር ቀላሉ ነው። እውነተኛው ፋስት ፍላይት ከውሃ ይቀላል፤ ፖሊስተርና ናይለን ግን ከውሃ ስለሚከብዱ ይሰምጣሉ። ስለዚህ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ሰሙን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጣታችሁ ወደ ታች ድፈቁት። እውነተኛ ከሆነ ተመልሶ ብቅ ይላል። የእኔው ታች ተኝቶ ቀረ። ቢ-50 የተባለውን ደግሞ በባልዲ ፈተንኩት። የቢ-50 አንድ ፈትል የመበጠሻ አቅሙ 50 ፓውንድ ገደማ ነው፣ ማለትም 22 ኪሎ ያህል። ቋጠሮ ክርን ስለሚያዳክም ሁለቱንም ጫፍ ክብ ዘንግ ላይ ደጋግማችሁ ጠምጥሙት፤ እንዲህ ከተያዘ በግማሽ የሞላ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ለእሱ ምንም አይደለም። ይሄኛው ግን ባልዲው ሩብ እንኳ ሳይሞላ ተበጠሰ።

«40 ፓውንድ ለሚሳብ ደጋን የ12 ፈትል 600 ፓውንድ ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ፍላጻው ሲለቅ የደጋኑን ሁለት ክንዶች በድንገት የሚያስቆማቸው አውታሩ ነው፣ በዚያች ቅጽበት የሚያርፍበት ጉልበትም ስትስቡት ከነበረው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አውታሩ እዚያ ላይ ከተበጠሰ ደጋኑ በባዶ እንደተተኮሰ ነው፤ ክንዱ ሊሰነጠቅ፣ ስንጥሩም ፊታችሁ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

«ለማንኛውም ደጋን» የሚለው ቃል ራሱ ያናድደኛል። ጫፋቸው ያልተጠናከረ የድሮ ደጋኖች የሚፈልጉት ዳክሮን ነው፣ ምክንያቱም ዳክሮን ስለሚለጠጥ ምቱን ያለዝበዋል። ፋስት ፍላይት እምብዛም ስለማይለጠጥ ጫፋቸውን በልቶ ሊሰነጥቀው ይችላል። ኮምፓውንድማ (ባለ መዘውር ደጋን) ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው። የእሱ አውታር በከባድ ውጥረት ተለጥጦ ነው የሚሠራው፤ 12 ፈትል ክር ያዘመመው ብሎን ያንን ሊችል ነው?

አውታር በራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ከሃርድዌር ሱቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን የብረት ቻናልና ወፍራም ብሎን ገዝታችሁ የማይነቃነቅ ጂግ መሥራት ትችላላችሁ። ክሩን ግን ከታወቀ የቀስት ሱቅ ግዙ። ያላችሁ አንድ ደጋን ብቻ ከሆነ ጣጣ ውስጥ ባትገቡ እመክራለሁ፤ ተሠርቶ ያለቀለት የዳክሮን አውታር ብዙውን ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ይገኛል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ሻጩ በውስጥ መስመር «በዜል ከላክህ 15 ዶላር እቀንሳለሁ» ይላል። እሺ እንዳትሉት። በዜል ራሳችሁ ፈቅዳችሁ የላካችሁት ገንዘብ ለዕቃ ግዢ ዋስትና የለውም። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ግን የተላከላችሁ ዕቃ በማስታወቂያው ከተባለው ከተለየ፣ ክፍያው ያለበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለባንካችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። የማስታወቂያውን ስክሪንሾት፣ ያዘመሙትን ብሎኖችና ወረቀቱን ከሜትር ጋር ጎን ለጎን ያነሳችሁትን ፎቶ አያይዙ። ይሄኔ ሻጩ ብቅ ብሎ «ግማሹን ልመልስልህ፣ ጉዳዩን ዝጋው» ማለቱ አይቀርም። ከዘጋችሁት በኋላ እንደገና ማስከፈት ፈተና ነው። እኔ ስላልዘጋሁት ሙሉ ገንዘቤ ተመለሰልኝ፤ ጂጉን መልስልን ያለኝም የለም።