ልጄ አለቃ፣ እኔ ካርቶን ተሸካሚ፦ ለአንዲት አስተባባሪ የቀረበ ምስጋና

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ የሴት ልጅ እናቶች፣ ይህን ሳትዘሉ አንብቡልኝ። ረዘም ይላል። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ የተንከራተትኩበትን ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ75 ሰዓት ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ልጅ የምታስተምሩ ታውቁታላችሁ። 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ያልሰጠ ልጅ ከሃይስኩል አይመረቅም። ሜሪላንድ ይህን ግዴታ ያወጣችው በ1992 ነው፤ ከአሜሪካ ግዛቶችም የመጀመሪያዋ እሷ ናት። መጀመሪያ ስሰማ "በግዴታ የሚሰጥ በጎ ፈቃድ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?" ብዬ ስቄአለሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

ልጄ ያኔ 14 ዓመቷ ነበር። ክፍሏን ዘግታ ስልኳ ላይ የተደፋችበት ዘመን። እኔ አረጋውያን መጦሪያ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። ሰዓቱን አብረን ብንሠራው ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን ብዬ አሰብኩ። ሐሳቡን የሰጠችኝ ከካሊፎርኒያ የመጣች የሥራ ባልደረባዬ ናት። እዚያ በ1925 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተጀመረ ናሽናል ቻሪቲ ሊግ የሚባል የእናቶችና የሴት ልጆች ማኅበር አለ። እናትና ልጅ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አብረው ያገለግላሉ፤ ልጆቹም ኃላፊነት እየወሰዱ መምራት ይለምዳሉ። እሷም ከእናቷ ጋር እዚያ ነው ያደገችው። ቀናሁ። ከእኔ ፈረቃ ጋር ግን ስብሰባ የሚባል ነገር አይሄድም። ስለዚህ የራሴን ፍለጋ ጀመርኩ።

ወይ ፍለጋ! አንዱ ቦታ ልጄን መስኮት የሌለው ክፍል አስገብተው ልብስ አሳጠፏት። ሦስት ቅዳሜ፣ ብቻዋን። ፎርሙን ይዘን ስንሄድ "ኃላፊዋ ሥራ ለቃለች፣ ሌላ ሰው መፈረም አይችልም" አሉን። ወላጅ ለገዛ ልጁ መፈረም ስለማይፈቀድለት ሰዓቱ ውኃ በላው። ሌላው ቦታ "የወጣት ሴቶች የአመራር ሥልጠና" ተብሎ ገንዘብ ከፈልኩ። ቲሸርት አለበሷቸው፣ ባነር አስያዟቸው፣ ፎቶ አነሷቸው፣ ወደ ቤት ሰደዷቸው። የምስክር ወረቀቱ ላይ የልጄ ስም እንኳ ተሳስቷል።

ሦስተኛው የእኛው የሐበሻ ዝግጅት ነበር፤ እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። እናቶች ወጥ ቤት። ሴቶች ልጆች ትሪ ይዘው ማስተናገድ። ማይክሮፎኑና የስም ዝርዝሩ በወንዶቹ ልጆች እጅ። ልጄ በመኪና ስንመለስ "ማሚ፣ ይሄ እኮ ቤታችን የምንሠራው ነው" አለችኝ። ምን ልበላት?

ከዚያ ነው አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ቅዳሜ ጠዋት ምግብ የሚታደልበት ቦታ የደረስነው። አስተባባሪዋ ጡረታ የወጣች የስኩል ባስ ሾፌር ናት። ሁሌ "አንቱ" ልላት ያምረኛል፤ እንግሊዝኛው አልፈቀደልኝም። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም። የመጀመሪያ ቀን ሁለታችንንም አየችንና ክሊፕቦርዱን ለልጄ ሰጠቻት። ለእኔ ጓንት። "ዛሬ እሷ ናት የምታዝዝሽ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ ልጄ ተሳሳተች። ለወረፋ የሚታደለውን ቁጥር ከ20 እስከ 30 ያለውን ሁለቴ አደለችው። ሰው ተጨቃጨቀ። አንድ ሰውዬ ጮኸባት። ፊቷ ሲቀላ ካርቶኑን ጥዬ ሮጥኩ። አስተባባሪዋ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘች። ወንበር ሳበችልኝ፣ ቡና ቀዳችልኝ፣ "ጀርባሽን ለሰልፉ አዙሪና ተቀመጪ። ከፈለገችን ትጠራናለች" አለችኝ። ጀርባዬን አዙሬ ተቀመጥኩ። ያንን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። ከኋላዬ የልጄ ድምፅ ተሰማኝ። መጀመሪያ እየተንቀጠቀጠ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁጥራችሁ ከ20 እስከ 30 የሆነ ሁላችሁም በዚህ በኩል ኑ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትስተናገዳላችሁ።" ከዚያ ዝም አለ። የካርቶን ድምፅ ብቻ። ማንም አልጠራንም።

እኔ ብሆን ነጥቄያት ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ስንት ነገር ነጥቄያት ኖሯል።

የዚያን ቀን እናቴ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ ሰፈራችን ለቅሶ ሲኖር ለእድር ሥራ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሽንኩርት እየላጥኩ እሷን አያለሁ። እማዬ የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ነበረች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ ሠላሳ ሴት ታሰማራለች። አንድ ቀን ደብተሩን ለእኔ ሰጥታ "አንቺ መዝግቢ" አለችኝ። ፎርም የለ፣ ፊርማ የለ። እኔ ግን ለልጄ ደብተሩን መስጠት አሜሪካ መጥቼ ረስቼው ነበር።

የዓቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ሰልፉ ላይ የእኛ አገር እማማዎች ብዙ ናቸው። ወተቱንና እንቁላሉን መልሰው ጠረጴዛው ላይ ትተውት ይሄዳሉ። ልጄ አንዷን "ለምን አትወስጂም?" አለቻቸው። በ"አንቺ"! ከአፈር በታች ልገባ ደረስኩ። እማማ ግን ሳቁና "ጾም ነው የኔ ልጅ፣ 55 ቀን" አሏት። ልጄ ሄዳ ለአስተባባሪዋ አስረዳች። ሽምብራ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ ለብቻ ጠረጴዛ ይደረግ አለች። (ዓሣው ይገባል አይገባም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ተውኩት።) አስተባባሪዋ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፤ "ስንት ሰው ይወስዳል?" ልጄ አልቆጠረችም ነበር። "ቁጠሪና ንገሪኝ።" በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆጥራ መጣች፤ ጠረጴዛው ተሰጣት።

ካርቶን ላይ በአማርኛ ጻፈች። "የጸም"። እማማ ማርከሩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ጸ"ዋን ወደ "ጾ" አስተካከሉላት። ያ ካርቶን ዛሬም አለ።

እህቶቼ፣ ውሰዷቸው። ሰዓቱ ስለሚሞላ ብቻ አይደለም፤ ይሞላል፣ ፎርሙም በዚያው ቀን ይፈረማል፣ እንደሌላው ቦታ ሰው ፍለጋ አትዞሩም። ይህች ሴትዮ ግን ለልጆቻችሁ ኃላፊነቱን ከነስህተቱ ነው የምትሰጣቸው። እናንተንም ወንበር ላይ ታስቀምጣችኋለች። አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 8:30። ሽፍን ጫማ አድርጉ። ጥፍራችሁን ተሠርታችሁ አትምጡ።

ልጄ 75ቱን ሰዓት ከጨረሰች ቆየች፤ አሁንም እንሄዳለን። ፎርሙ መጨረሻ ላይ ልጁ ከአገልግሎቱ የተማረውን በራሱ አነጋገር የሚጽፍበት ቦታ አለ። ስለ አመራር ትልቅ ነገር ትጽፋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ደብቃ ጻፈችው፤ በኋላ አየሁት። "እናቴ ካርቶን ስትሸከም ጎበዝ ናት። ሲያዟት ታጉረመርማለች፣ ግን እየቀነሰች ነው" ይላል። አስተባባሪዋ አንብባ፣ ምንም ሳትጨምር ፈርማበታለች።