የተቀበረውን ቱቦ ያስፈተሽኩባቸው ባለሙያ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ልንገዛ ያሰብነው ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 የተሠራ ሲሆን ሳሎኑና ምድር ቤቱ የሚሞቁት ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ የሙቅ ውሃ ቱቦ ነው። በብርድ ልናየው ስንገባ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ቆመች። ለቁርጥማቷ መድኃኒት ያገኘች ያህል ፊቷ ፈታ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት እንይ ብላት አልሰማኝ አለች። እኔን ግን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ዓይን የማያየው ቱቦ ነበር። አንድ ቀን ቢያፈስ ወለሉን መፈልፈል ነው።

የመጀመሪያው የቤት ኢንስፔክተር ጣሪያውንና ኤሌክትሪኩን አገላብጦ አየ። ወለሉ ጋ ሲደርስ «ይሞቃል» ብሎ ጽፎ አለፈ። የተቀበረ ነገር መፈተሽ ከሥራው ውጭ ስለሆነ አልወቅሰውም። ስለዚህ በማሞቂያ ሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ያገራችን ሰው በ450 ዶላር ለብቻ ቀጠርኩ።

ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ምሽት ማሞቂያው እንዲጠፋ አዘዙ፤ ሙቅ ውሃ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በራሱ ስለሚወርድ ምርመራውን ያሳስታል። እንደገቡ መጀመሪያ የዘጉት ቦይለሩን፣ ማለትም የወለሉን ውሃ የሚያሞቀውን ማሽን፣ አዲስ ውሃ በራሱ የሚሞላውን ቫልቭ ነው። ለካ እሱ ክፍት ከሆነ፣ ቱቦው ቢያፈስ እንኳ የጎደለው ወዲያው ስለሚተካ የግፊት መለኪያው ምንም አይናገርም! «ልጄ፣ ሻጩ መለኪያውን ቢያሳይህ እንዳታምን፤ መጀመሪያ ይሄን ዝጋ» አሉኝ። ይህን ሳያደርግ «ደህና ነው» የሚል ፈታሽ ገንዘብ ባይቀበል ይሻለዋል።

የቦይለሩ የደኅንነት ቫልቭ 30 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ላይ ስለሚከፈት፣ ወለሉን ከቦይለሩ ለይተው ስድስቱን የቱቦ መስመሮች 60 ፒኤስአይ ላይ አደረሷቸውና ሁለት ሰዓት ጠበቁ። እኔ ከመለኪያው ሥር አልተነሳሁም። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ማሞቂያውን አስነስተው በሙቀት ካሜራ ወለሉን ሲያዩት መስመሮቹ አንድ በአንድ እየደመቁ ወጡ። ወደፊት ምስማር ወይም መሰርሰሪያ የት እንደማይነካ አሁን አውቃለሁ።

ዋናው ነገር የተገኘው ግን ውሃውን ወደ ስድስቱ መስመሮች ከሚያከፋፍለው ማከፋፈያ በቀዱት አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። ሻይ መስሏል። ባትሪ አብርተው ቱቦው ላይ የታተመውን ጽሑፍ አነበቡልኝ፤ ፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ ኦክስጅን የሚከለክል ሽፋን ግን የለውም። አየሩ በፕላስቲኩ ግድግዳ ሰርጎ ውሃው ውስጥ ይገባል። ቱቦውን አይጎዳውም፤ የሚበላው የቦይለሩንና የፓምፑን ብረት ነው። መፍትሔው የወለሉን ውሃ ከቦይለሩ ውሃ ሁለቱ ውሃዎች ሳይቀላቀሉ ሙቀቱን ብቻ በሚያሳልፍ የማይዝግ የሙቀት መለዋወጫ መለየት፣ በወለሉ በኩል ያለውንም ፓምፕ በነሐስ መቀየር ነው። ወለሉ አይነካም። «ግራጫው ፖሊቢዩቲሊን የሚባል የፕላስቲክ ቱቦ ወይም በዚያ ዘመን ይቀበር የነበረው የጎማ ቱቦ ቢሆን ኖሮ ተወው እልህ ነበር» አሉኝ። የጥገናውን ግምት ይዘን ሻጩን ጠየቅን፤ ከዋጋው ቀነሰልን።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ። ሥራቸው እንደዚያ ጥንቅቅ ያለ ሆኖ ሪፖርቱ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፣ ያውም ያለ ፎቶ። የካሜራውን ምስሎች የላኩልኝ ሁለቴ ደውዬ፣ በምርመራው የተገኘውን ችግር ለሻጩ በቅሬታ የምናቀርብበት ቀነ ገደብ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። የቤት ግዢ ውል ቀን አይጠብቅም። እሳቸውን ለመቅጠር አሁንም አላመነታም፤ እናንተ ግን ቀጠሮ ስትይዙ ሪፖርቱ ከነፎቶው የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ አስይዙ።